አፍሽን ክፈቺ

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ቅባቱ አልሠራም። ሦስተኛው ቅባት ነው። ባለ መድኃኒት ቤቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ልጅቷን ከባንኮኒው ማዶ ሆኖ በሩቁ አያትና «ቋቁቻ ነው ማዘር፤ ጠዋትና ማታ ትቀባ» አለኝ። እኔ የእሱ ማዘር አይደለሁም። ብሆን ኖሮ መነጽር ዓይን ላይ እንደሚደረግ አስተምረው ነበር።

ቋቁቻ አይመስለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስፌት ሳስተምር፣ የስንቷን ሴት ልጅ አንገት ስለካ ያላየሁት ቆዳ የለም። ይህ ጠፍጣፋ ነው፤ ከቆዳዋ ፈዘዝ ይላል፤ በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ከፍ ያለ። ግንባሯን ይዟል፣ ጉንጯን ይዟል፣ የእጆቿን ጀርባ ይዟል፤ አሁን ወደ አንገቷ እየወረደ ነው። ስትስቅ ልብ አይባልም ነበር። መሳቋን ስለ ቀነሰች ይታያል።

የልጅ ልጄ ናት። አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ቃጭል ብዬ የሰየምኋት እኔ ነኝ፤ አፏ አያርፍም ነበርና። እናቷ፣ የእኔ ልጅ፣ ስትወልዳት በደሟ ኤች አይ ቪ እንዳለ አላወቀችም፤ ባወቀች ጊዜ ለእሷም መሽቶባት ነበር። ልጅቷ ከነቫይረሱ ለእኔ ቀረች። ጡት ከተወች ጀምሮ በየማታው መድኃኒቷን ከእጄ እየተቀበለች ትውጣለች። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ልመካስ ብል ማን ይከለክለኛል?

መፍትሔው ንጽሕና ነው። ከኅዳር ጀምሮ እንደማደርገው ዛሬም ሻካራውን መፋቂያ ይዤ ከትከሻዋ እስከ እጇ ራሴ ፈተግኋት።

«እምዬ፣ ድስት መሰልኩሽ እንዴ?»

«ድስት ብትሆኚማ በተሻለኝ፤ ድስት አይነጫነጭም።»

ሳቀች። እስኪቀላ ፈተግኋት።

ዓርብ፣ ጥር 8

ከትምህርት ቤት በጠዋት ተመለሰች። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት «የማይተላለፍ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት እስክታመጪ ቤት ቆዪ» ብላታለች። በክፍሉ ሁሉ ፊት።

ሹራቤን አድርጌ ሄድሁ። መምህርቷ ራሷ ልጅ ናት። የጥፍሯ ቀለም ግማሹ ተልጧል፤ እሱን ሳታስተካክል የሰው ልጅ ቆዳ ትመረምራለች።

«እኔ ምንም አላልኩም እኮ፣ ወላጆች ናቸው። ልጆቹ አብረዋት መቀመጥ ፈሩ።»

«ማን ነው የፈራው?»

«ስም መጥራት አልችልም።»

«የሚፈሩት ልጆች ስም አልወጣላቸውም?»

ወረቀት ማገላበጥ ጀመረች። ስለ ደሟ ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ወደፊትም አያውቅም። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ልጅቷ ወንበሯ ላይ ብቻዋን መቀመጥ ከጀመረች ሰነባብታለች። ዛሬ ከመምህርቷ አፍ ሰማሁ። ለእኔ ለምን አልነገረችኝም? ምን አድርጌያት?

ሰኞ፣ ጥር 11

ክንዷ ላይ አዲስ ወጣ። ትከሻዋ ላይም ከኋላ። እንደ ሌላው አልተበተነም፤ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ተደርድሯል። የመኪና ስፌት እንኳ እንዲህ አይቀናም።

አጥብቄ አልፈተግኋትም ማለት ነው። ነገ ጠንከር አድርጌ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ክሊኒክ ዋልን። የሚያስቀምጡበት አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፤ አምናም አጭር ነበር። ሕንጻ የሠራ ሰው አንድ እግር መቀጠል ያቅተዋል?

መድኃኒት የምትሰጠውና የምትመክረው ነርስ የልጅቷን ፊት አየችና ገና ሳንቀመጥ ጀመረች።

«መድኃኒቱን በትክክል እየወሰድሽ ነው?»

«እየወሰድኩ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ? ቆዳ አይዋሽም እኮ፣ የኔ ቆንጆ።» ወደ እኔ ዞረች። «እናቴ፣ በዚህ ዕድሜ ይሸውዳሉ። ምላሳቸው ሥር ደብቀው ዞር ሲሉ ይተፉታል። አፏን ያስከፍቷት።»

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ነርሷን ሳይሆን እኔን። ምን እንድል እንደፈለገች አልገባኝም። «እናያለን» አልሁ።

ደም ተወሰደ። ውጤቱ ቆይቶ ይመጣል፤ ለቆዳ ሐኪም የካቲት ሁለት ተቀጠርን።

ማታ መድኃኒቷን ሰጠኋት፤ ዋጠች።

«አፍሽን ክፈቺ።»

«ውጬዋለሁ፣ እናቴ ትሙት!»

«እናትሽ ሞታለች። በሞተ ሰው አይማልም። ክፈቺ። ምላስሽን አንሺ።»

በማንኪያ አነሣሁት። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ ግን አላረጋጋኝም፤ የለመደ ደባቂ ምልክት ይተዋል?

እሑድ፣ ጥር 17

ልጄና ሚስቱ እንደ ልማዳቸው ለምሳ መጡ። ልጄ የሟቿ ታላቅ ወንድም ነው፤ የሰው ነገር ሲነሣ ሰሐኑን የሚያጠና ሰው ነው። ምራቴ ማር ጠብ የሚልባት ናት፤ ማሩን የቀመሰ ግን እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ ይሄ የፊቷ ነገር ግን... እንዲያው ለደህና ነው? መድኃኒቷን ትወስዳለች አይደል?»

እዚያው ተቀምጣለች፤ ልጅቷ። እንደ ሌለች ነው የተጠየቅሁት። ከጠያቂዋ በላይ ያናደደኝ መልስ ማጣቴ ነው። ክሊኒክ ውስጥ እንደ ሞኝ የቆጠሩኝ ትዝ አለኝና አፌ አመለጠኝ።

«ስትጥለው ነበራ! ቆዳዋ ይኸው እየመሰከረባት። እናቷ እሱን ሳታገኝ ሞተች፤ እሷ ደግሞ በእጇ ይዛ ትጥላለች!»

ሹካዋን አስቀመጠች፤ ድምፅ አላሰማችም። ተነሥታ ወጣች። በሩን ብታላትመው እመርጥ ነበር።

ሰሐን ሳነሣ ምራቴ ኮሪደሩ ላይ ለባሏ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። «ሰማህ አይደል? ከእንግዲህ ልጆቹን እዚህ አላሳድርም። ፎጣም ቢሆን መለየት አለበት።» ሰሐኑን ሆነ ብዬ አንኳኳሁት።

ለማዋረድ አይደለም የተናገርሁት። የተባለ ተብሏል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ምራቴ ፎጣና ክዳን ያለው ኩባያ በባሏ ላከች። «ለብቻዋ እንዲሆንላት» ብላ። ለብቻዋ!

በደም ያለው በኩባያ እንደማይተላለፍ ለእሷ ያልነገራት ማን አለ? ልጅቷ ሕፃን ሳለች ከባሏ ጋር ሐኪም ፊት አስቀምጫቸዋለሁ። ኩባያውን ቆሻሻ ውስጥ ጣልሁት። ልጅቷ አውጥታ አጠበችውና ውሃ ቀድታ ፊቴ ጠጣችበት።

«ምን አናደደዎት? ለእኔ የተገዛ ነው።»

እርስዎ አለችኝ። አፍ ከፈታች ጀምሮ አንቺ እንጂ እርስዎ ብላኝ አታውቅም። ሥርዓት መማሯ ከሆነ ደስ ሊለኝ ይገባል።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሳልጠይቃት አፏን መክፈት ጀምራለች። ትውጣለች፣ ትከፍታለች፣ ምላሷን ወደ ላይ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። «አዩልኝ?» ትላለች። እንደ ወታደር። ተግሣጽ ይሠራል፤ እኛም ያደግነው በእሱ ነው።

ብቻ ቤቱ ጸጥ ብሏል። የስፌት መኪናዬ ሲቆም የግድግዳው ሰዓት ይሰማል።

ረቡዕ፣ ጥር 27

የደንብ ልብስ ሥራ በዝቶብኛል። አጭር ልጻፍ።

ልጅቷ ሆዷን ሳያማት አይቀርም። መድኃኒቷን ከዋጠች በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ትቆያለች፤ ውሃው ሲፈስ ይሰማል። ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት። «እየታጠብኩ። ንጽሕና መፍትሔ ነው አላሉም?» ልክ ናት፤ ብያለሁ። ከስታለች። ሥጋ ልግዛላት።

ሰኞ፣ የካቲት 2

የቆዳ ሐኪሟ አጭር ሴት ናት፤ ቃልም አታባክንም። ይህን ወደድሁላት። ወዲያው ደግሞ ጠላኋት፤ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ልጅቷን ብርሃን ሥር አስቀመጠቻት። በማጉያ መነጽር ግንባሯን አየች፤ ከዚያ ባዶ እጇን ዘርግታ ጉንጯን ዳሰሰች። ልጅቷ ደነገጠች። ፊቷን ሰው ከነካው ስንት ጊዜው ነው? እኔ እንኳ በመፋቂያ ነው የምነካት።

«ጠፍጣፋ ኪንታሮት ነው» አለች ሐኪሟ። «ይሄም ቫይረስ ነው፤ ግን ሌላ ቫይረስ፤ ማንም ሰው ሊይዘው ይችላል። ብዙ ሰው ላይ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። ኤች አይ ቪ ይዘው የተወለዱ ልጆች ላይ ግን ይበዛል፣ ይቆያል። አንዳንዶቹ ላይ ዓመታት።»

«መድኃኒቷን ባለመውሰዷ ነው?»

«እየወሰዱም ይቆይባቸዋል። መድኃኒት መውሰድ አለመውሰዷን ደሟን ይጠይቁ እንጂ ፊቷን አይጠይቁ።»

ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። እኔ የቦርሳዬን ማሰሪያ እፈታለሁ፣ አስራለሁ።

ከዚያ ሐኪሟ የልጅቷን እጅጌ ሰበሰበችና መስመሮቹን አየች፤ ወደ ትከሻዋም ዞረች። የሐኪሟ ፊት ተቀየረ።

«ይሄን ማን ነው የሚፈትገው? መፋቂያው ቆዳውን በጫረው ቁጥር ኪንታሮቱን በጭረቱ ላይ እየዘራው ነው የሄደው። ይኸው፣ ተከትሎት በቅሏል። ማነው?»

አፌን ከፈትሁ። እውነት ነው፤ ከፍቼ ነበር።

«እኔው ነኝ» አለች ልጅቷ።

«ሁለተኛ እንዳትነኪው! ሰው የገዛ ቆዳውን እንዲህ ያደርጋል?»

«እሺ።»

የቦርሳዬን ማሰሪያ ደግሜ አሰርሁ።

የእጆቿን ጀርባ በብርድ አቃጠለችላት። ጭስ የሚመስል ነገር የሚተፋ ዕቃ ነው፤ ቅዝቃዜው እንደ እሳት ይፈጃል ይላሉ። ፊቷን በቀስታ በቅባት እንሞክራለን አለች፤ ጠባሳ እንዳይተው። ልጅቷ አልጮኸችም፤ እንባዋ ግን ወረደ። እጄን ዘረጋሁላት። የወንበሩን ጠርዝ ያዘች።

ለትምህርት ቤቱ ወረቀት ተጻፈልን።

መንገድ ላይ ቁጣዬን መያዝ አቃተኝ። «ለሐኪም ለምን ትዋሻለሽ?»

«እርስዎን ሰው ፊት እንዳትቆጣዎት ብዬ ነዋ» አለችና ቀድማኝ ሄደች።

መፋቂያውን ጣልሁት። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

የደሙ ውጤት መጣ። ብቻዬን ሄጄ ተቀበልሁ። ነርሷ ጥርሷ ሁሉ ታየ።

«እንኳን ደስ አለዎት እናቴ! ቫይረሱ በምርመራው እስከማይታይ ድረስ ወርዷል። በጣም ጎበዝ ልጅ ናት፤ አንድም ቀን አላቋረጠችም።»

«ቆዳ አይዋሽም ያልሽኝስ?»

«እኔ እኮ ለጥንቃቄ ነው...»

«አፏን በማንኪያ ያስከፈትኋት በአንቺ ቃል ነው።»

«በማንኪያ አላልኩም፣ እናቴ።»

እውነቷን ነው፤ በማንኪያ አላለችም። ይህ ይበልጥ አናደደኝ። «እናትሽ አይደለሁም» ብዬ ወጣሁ።

መንገዱን ሁሉ የምላትን ሳዘጋጅ መጣሁ። በሩን ስከፍት ጠረጴዛው ላይ ታነባለች።

«ውጤትሽ መጥቷል። ጥሩ ነው። መድኃኒትሽን ትወስጂ ነበር ማለት ነው።»

ይቅርታ ማለቴ ነበር። ለእኔ ይህ ይቅርታ ነው።

ሳቀች። የድሮው ሳቋ አይደለም።

«ደሙ የተወሰደው መቼ ነበር?»

«ክሊኒክ የሄድን ዕለት።»

«ከእሑዱ ምሳ በፊት። በሉ አሁን ያለውን ያስወስዱና ይዩት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እስከዚያ እሑድ ድረስ አንድ ቀን ጥዬ አላውቅም። ሲያስታውከኝም፣ ስፈተንም፣ አንዴም። እርስዎ አጎቴና ሚስቱ ፊት ስትጥለው ነበር አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ቃልዎን እውነት አደረግኩልዎት። አፌን ከፍቼ አሳይዎትና መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስታውኬ አወጣዋለሁ። ውሃውን የምከፍተው እንዳይሰሙ ነው።»

እጄ ተነሣ። አየር ላይ ቆመ። ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ትጠብቀኝ ነበር። እጄን መልሼ ኪሴ ከተትሁት፤ እንደ ሌባ።

ይኸው እዚህ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሥጋ ልግዛላት ብዬ ጽፌ ነበር ባለፈው! ውሃው ሲፈስ ሰምቼ፣ መክሳቷን አይቼ፣ ሥጋ። ስፌት ሲጣመም ከሩቅ የሚታየኝ ሴት! ተግሣጽ ይሠራል ብያለሁ። ሠራ እንጂ። የናቷን መንገድ በእጄ መርቼ አስጀመርኋት። ማንን ልቆጣ? ነርሷን? ምራቴን? ሁሉንም ተቆጥቻቸው አልቋል።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ለመንሁ። አስፈራራሁ። ነርሷ ጋ እንደምወስዳት ነገርኋት። «ክኒኑን በጉሮሮዬ በእንጨት ይገፉታል?» አለች።

«ትሞቻለሽ!»

«እናቴም ሞታለች። በቤቱ አዲስ ነገር አይደለም።»

«ምን ባደርግ ነው የምትውጪው? ንገሪኝ!»

ቶሎ መለሰችልኝ፤ ስታስብበት ኖራለች። «የተናገሩበት ቦታ ይመልሱት። እነሱ ፊት። እዚህ ብቻዬን ጥሩ ነው፣ ደህና ነው እያሉኝ አይሆንም።»

«ከዚያ ትውጫለሽ?»

«እናያለን።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

አልችልም። ከልጄ ፊት እሺ፤ ወልጄዋለሁ። ያቺ ማር አፍ ፊት? ለወር የሚበቃት ወሬ ነው።

ልጄ ጋ ደወልሁ፤ ነገ የምነግራችሁ ነገር አለ፣ እንዳትቀሩ አልሁት። ነገሩን ገና ስጀምርለት አቋረጠኝ። «እማዬ፣ ተዪው በቃ። ልጅ ናት፤ ትረሳዋለች።» ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተሰበረ ዕቃ ሲያይ ምንጣፍ ሥር ይከት ነበር።

ያስተማረችኝ መምህሬ አንድ ተረት ነበራት፤ ቃላችንን ባጠፍን ቁጥር ታስደግመን ነበር። እኔም ተማሪዎቼን አስደግሜበታለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። ዛሬ ጠዋት ልብስ እየተኮስሁ፣ እንደ ልማዴ፣ ለራሴ አልሁት። እስከ መጨረሻው ቃል ደረስሁና ካውያውን አስቀመጥሁ።

ይጥፋ? የቱ ይጥፋ? የወለድኋትማ ጠፍታለች። የቀረችኝ አንዲት ናት፤ ማዶ ክፍል ተቀምጣ ጥፍሯን ትነክሳለች። ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን ተረት አድርጎ ለልጅ የሚያስተምር? ምን ዓይነቷ ተቀብላ ታስተምራለች?

ሸሚዙ ተቃጠለ። የደንበኛ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 8

ከመብላታችን በፊት ተነሣሁ። ተቀምጬ ብናገር ጨዋታ ይመስላል።

«ማንኪያችሁን አስቀምጡ። ባለፈው እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ይህች ልጅ መድኃኒቷን ስትጥል ነበር ብያለሁ። ያን በተናገርሁበት ቀን አንድም ጥላ አታውቅም ነበር። ደሟ ተመርምሮ ታይቷል። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ አልዋሸሽም እማዬ፣ ተሳስተሽ ነው» አለ ልጄ ለሰሐኑ።

«ያላወቅሁትን እንዳወቅሁ አድርጌ ተናገርሁ። ስሙ ምንድን ነው ታዲያ?»

ምራቴ ከንፈሯን መጠጠች። «እትዬ፣ አሁን ይሄን ማን አነሣው? እኛ እኮ ረስተነዋል።»

«አልረሳሽም። ፎጣ ገዝተሻል።»

ልጅቷ ሳሏ መጣ። ሳል አልነበረም።

ያልተጠየቅሁትንም ጨመርሁ። «ክንዷና ትከሻዋ ላይ የተሰመረውን የዘራሁትም እኔ ነኝ፤ ስፈትጋት። ኪንታሮት ነው። ስለ ደሟ የሚያናግራችሁ ነገር የለም፤ በደሟ ያለውም በኩባያ አይተላለፍም። ልጆቻችሁ እዚህ ቤት ማደር ከፈሩ እናንተ ናችሁ ያስፈራችኋቸው፤ በእኔ ጥፋት።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ እንደ ያዝሁ ተቀመጥሁ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ስለ ሆነው ትንፍሽ አላልሁም። እሱ የእሷ ነው፤ ለማን እንደምትነግር እሷ ታውቃለች።

«ለሐኪሟስ ይነግሩልኛል?» አለች ልጅቷ፤ የመጀመሪያ ቃሏ።

«እነግራታለሁ።»

«በሉ ምሳው በረደ» አለችና በላች። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ብትል ይበልጥ አፍር ነበር።

ከሄዱ በኋላ ሕጓን ነገረችኝ። አፍ አይከፈትም። በር ላይ አይቆምም። ዋጥሽ ወይ ተብሎ አይጠየቅም። የመድኃኒቱ ዕቃ እሷ ክፍል ይቀመጣል፤ ውስጡ አይታይም።

«እንዴት አውቃለሁ ታዲያ?»

«አያውቁም።»

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ነርሷ ጋ አብረን ሄድን። ማቋረጧን ራሷ ተናገረች፤ በሩ ተዘግቶ፣ እኔ አጭር እግር ያለው አግዳሚ ላይ ሆኜ። ከዚያ ጠሩኝ። ነርሷ እንደ ባለፈው ጊዜ አልሳቀችም፤ ተቆጥታለች፤ ለመቆጣትም መብት አላት። ሳይዘገይ መጀመሩ መልካም ነው፤ ማቋረጥ ከተደጋገመ ግን ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምደው፣ መድኃኒቱም አልሠራም ሊል ይችላል አለች። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ደሙ እንደገና ይታያል።

«እስከዚያ ማን ነው የሚከታተላት?» አለችኝ።

«ራሷ።» ይህችን ቃል ስናገር ድሮ ያስነቀልሁት ጥርስ ቦታው አመመኝ።

ስንወጣ ነርሷ እጄን ያዘችኝ። «አፍ ያስከፍቷት ማለት አልነበረብኝም። ውጭ ያለውን ሰልፍ ያዩታል፤ እያንዳንዱን ቁጭ ብሎ ለመስማት...» ሰልፉን አየሁ። እውነት ረጅም ነው። ቢሆንም ይቅር አላልኋትም። አግዳሚውን አሠሪ አልኋት።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

ትምህርት ቤት ከገባች ሰነበተች። መምህርቷ የሐኪሟን ወረቀት በሁለት ጣቷ ጫፍ ስትቀበላት፣ «መምህር፣ ወረቀቱ እንኳ አይተላለፍም» ብላታለች። ይህን የነገረችኝ ጥርሷን እየፋቀች ነው፤ ሳቄን ለመደበቅ ክር ፈለግሁ። አንዲት ልጅ አጠገቧ መቀመጥ ጀምራለች። ሌሎቹ አሁንም ማዶ ናቸው። ስማቸውን ባውቅ!

ዛሬ እጆቿ በብርድ የሚቃጠሉበት ሁለተኛው ቀጠሮ ነበር። እጆቿ እየጠሩ ነው፤ ፊቷ እንዳለ ነው፤ ሐኪሟም ተስፋ አብዝታ አልሰጠችንም፤ ዓመትም ሊፈጅ፣ ጠፍቶም ሊመለስ ይችላል። የፈተግኋት እኔ መሆኔን ነገርኋት።

«አውቄዋለሁ» አለች ዕቃዋን እያጠበች። «ሰው የገዛ ጀርባውን እንዲያ አቅንቶ መፈተግ አይችልም። ልጅቷ ስታስጥልዎት ጊዜ ዝም አልኩ።»

ሁሉም ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ የማውቅ ይመስለኝ የነበረ።

የመድኃኒቷ ሰዓት ሲቃረብ ከቤት እወጣለሁ። ቤት ከሆንሁ ጆሮዬ አያርፍም፤ ጆሮዬን አውቀዋለሁ። እስከ ማዕዘኑ ሱቅ ሄጄ እመለሳለሁ። ባለ ሱቁ «ምን ልስጥዎት?» ሲለኝ ባዶ እጄን መመለስ ስለማፍር ክብሪት እገዛለሁ። ቤቱን ማቃጠል የምፈልግ ይመስል መሳቢያው በክብሪት ሞልቷል። እናደዳለሁ። በየማታው፣ ደረጃውን በወረድሁ ቁጥር፣ እናደዳለሁ፤ ዋጠች? አወጣችው? በሩን አንኳክቼ አንድ ጊዜ ብቻ ባይ ምን ነበረበት? እስከ ሱቁ ስናደድ፣ ከሱቁ ስናደድ።

ዛሬ ማታ ጫማዬን ሳስር ከክፍሏ ወጣች። የመድኃኒቱን ዕቃና ውሃ ይዛለች።

«ውጭ ይዘንባል። ዛሬ እንኳ ይቀመጡ።»

ዕቃውን አየሁት። ከዚያ እሷን።

«ጃንጥላ አለኝ» አልኋትና ወጣሁ።

ጃንጥላው ጥሩ አይደለም፤ በአንድ በኩል ያፈሳል። ባለ ሱቁ ዘግቶ ሄዷል። መዝጊያው ላይ ባለው ጥላ ሥር ቆሜ ውሃው በቦዩ ሲወርድ አየሁ፤ ይበቃል ብዬ እስካመንሁ ድረስ ቆምሁ፤ ከዚያም ትንሽ ጨምሬ። ስመለስ ክፍሏ መብራቱ በርቷል፣ በሩ ተዘግቷል። እርጥብ ጫማዬን ይዤ በካልሲ አለፍሁ።